ዓድዋን በስክሪን፦ ታሪክ ማስተማሪያ ስንሠራ ምን እየሠራን ነው?

በፈረንጅ የታሪክ መጻሕፍት የዓድዋ ጦርነት የተካሄደው ማርች 1 ቀን 1896 ነው። እኛ በዓሉን የምናከብረው የካቲት 23 ነው። ስልካችሁ ላይ ያለውን የፈረንጅ ካላንደር ብታዩ ግን የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ላይ ነው። ታዲያ ማን ነው የተሳሳተው?

ማንም አልተሳሳተም። የእኛ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 ያደርጋል፤ በዚህ ላይ ድርድር አያውቅም። የፈረንጆቹ ግን አንድ ተጨማሪ ሕግ አለው፦ ለ100 የሚካፈል ዓመት ለ400 ካልተካፈለ በስተቀር ፌብሩዋሪ 29 የለውም። በዚህ ሕግ መሠረት እ.ኤ.አ. 1900 አንድ ቀን ተነጠቀ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማርች 1 ላይ ይውል የነበረው የካቲት 23 ከዚያ ወዲህ ማርች 2 ላይ መዋል ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2100 ደግሞ አንድ ቀን ይገፋና ማርች 3 ይሆናል።

የሶፍትዌር ባለሙያ ነኝ፤ የተማርኩትም ምህንድስና ነው። ከእኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጅ ቀን የሚቀይር ኮድ ጽፎ ራሱን ያልያዘ የአገራችን ፕሮግራመር ያለ አይመስለኝም። እኔን ግን የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ይቺ የአንድ ቀን ልዩነት ለአንድ የታሪክ ክፍለ ጊዜ የምትበቃ ጥያቄ ናት፤ ካላንደር ማን ሠራው፣ ለምን ይለያያል፣ አንድ ቀን «እውነተኛ» የሚባለው በማን ቆጠራ ነው? ፈተናው ላይ ግን የምትመጣው «የዓድዋ ጦርነት መቼ ተካሄደ?» በሚል ነው፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። አጥቁሮ ማለፍ ነው በቃ።

ሰሞኑን ታሪክን በአፕ፣ በጌም፣ በካርታ፣ በአኒሜሽን ማስተማር የሚል ሐሳብ በየቦታው እሰማለሁ። ደስ ይላል። ነገር ግን መሣሪያውን ከመሥራታችን በፊት አንድ ነገር መወሰን ያለብን ይመስለኛል። ታሪክ የሚጀምረው ሁለት ነገሮች አልገጥም ሲሉ ነው፤ ሁለት ቀን፣ ሁለት ጽሑፍ፣ ሁለት ካርታ። ስክሪኑ ይህን አለመግጠም አለስልሶ ይደብቀዋል ወይስ ተማሪው እጅ ላይ ያስቀምጠዋል? የዚህ ጽሑፍ ነገር ይኸው ነው። ምሳሌዬ ዓድዋ ነው፤ ሁላችንም የምናውቀው ስለሚመስለን።

የተፋጠነ ሽምደዳ

«የታሪክ ትምህርት ይሰለቻል» ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን ማሳመር ነው። መጽሐፉን ፒዲኤፍ እናደርገዋለን፤ ከዚያ የጥያቄና መልስ አፕ እንሠራለን፤ ትክክል ሲመለስ ኮከብ ይዘንባል፣ ሲሳሳት ስልኩ ይነዝራል። ገንዘብ ካለ ፈረስ የሚጋልብበት አኒሜሽን ይጨመራል። ሥር ያለው ነገር ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ከሆነና ተማሪው ያንን ዓረፍተ ነገር መያዝ ብቻ ከተጠየቀ፣ ሽምደዳው ያው ነው፤ የተቀየረው ልብሱ ነው።

ሳም ዋይንበርግ የሚባል አሜሪካዊ የትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳተመው ጥናት አለ። ስምንት የታሪክ ምሁራንንና ስምንት ጎበዝ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ለየብቻ አስቀመጠ። የአሜሪካ አብዮት ስለተጀመረበት፣ በ1775 ስለተካሄደው የሌክሲንግተን ግጭት የሚናገሩ ሰነዶች ሰጣቸውና እያነበቡ የሚያስቡትን ጮክ ብለው እንዲናገሩ ጠየቃቸው። ከምሁራኑ አንዳንዶቹ ጥናታቸው ከአሜሪካ ታሪክ ጋር አይገናኝም ነበር። ቢሆንም ሰነዱን ሲያነሡ መጀመሪያ ዓይናቸው የሚሄደው ወደ ጸሐፊው ነው፤ ማን ጻፈው፣ መቼ፣ ለማን ብሎ? ተማሪዎቹ ግን ከላይ ጀምረው እስከ ታች አነበቡ። የትኛው ሰነድ ይበልጥ ይታመናል ሲባሉ ተማሪዎቹ የመማሪያ መጽሐፉን ቅንጫቢ ከላይ አስቀመጡት። ምሁራኑ ወደ ታች አወረዱት።

ይህን ሳነብ የታየኝ እኛ ሶፍትዌር የምንሠራ ሰዎች ያለብን ኃላፊነት ነው። ስክሪን ከመማሪያ መጽሐፍ የባሰ ይታመናል። ጽሑፉ ያምራል፣ ቀለሙ ይጣጣማል፣ ሲነኩት ይንቀሳቀሳል፤ የጻፈው ሰው ግን የትም አይታይም። ስለዚህ ማሳመር ብቻውን ተማሪውን ከምሁሩ ልማድ ይበልጥ ሊያርቀው ይችላል።

ሁለት ጽሑፍ፣ አንድ ውል

በእኛ ሙያ «ዲፍ» የሚባል መሣሪያ አለ። ሁለት ጽሑፎችን ጎን ለጎን ያስቀምጥና የተለያዩበትን ቦታ በቀለም ያሳያል፤ የተቀነሰው ቀይ፣ የተጨመረው አረንጓዴ። አንድ ፕሮግራመር በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያየው አትጠይቁኝ። ለታሪክ ክፍል ይህን ሐሳብ የሚመጥን ሰነድ ፈልጉ ብባል ወዲያው የማነሣው የውጫሌን ውል ነው።

ውሉ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው፤ በአፄ ምኒልክ በኩልና በጣልያኑ መልእክተኛ በካውንት ፒየትሮ አንቶኔሊ በኩል። 20 አንቀጾች አሉት፤ በአማርኛና በጣልያንኛ ተጽፏል። ጦር ያማዘዘው አንቀጽ 17 ነው። የአማርኛው ቃል ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣልያን መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ከፈለጉ ማለት ነው። የጣልያንኛው ግስ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ በጣልያን መንግሥት በኩል ለመገልገል ተስማምተዋል ወደሚል ያመራል። ጣልያን ይህን ይዛ በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1889፣ ለአውሮፓ መንግሥታት ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ አስታወቀች። ምኒልክ ጉዳዩ የገባቸው በቀጥታ ለጻፏቸው ደብዳቤዎች ከንግሥት ቪክቶሪያ ሳይቀር «በጣልያን በኩል ላኩልን» የሚል መንፈስ ያለው መልስ ሲመጣላቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 ውሉን እንደማይቀበሉት አስታወቁ።

ይህን ሁሉም ተማሪ በአንድ መስመር ያውቀዋል፤ «የአማርኛውና የጣልያንኛው ትርጉም ስለተለያየ»። አሁን ግን መስመሩን እንተወውና ሁለቱን አንቀጾች ጎን ለጎን እናስቀምጥ። ዲፍ መሣሪያው እዚህ ይቸገራል፤ ሁለት ቋንቋ ስለሆነ ለኮምፒውተሩ ሁሉም ነገር ልዩነት ነው። አንድ ሰው የጣልያንኛውን ወደ አማርኛ መመለስ አለበት። ያ ሰው ግሱን «ተስማምተዋል» ቢለው አንድ ነገር ነው፤ «ግዴታ አለባቸው» ቢለው ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ጥሩ መሣሪያ ሁለት ትርጉም ያቀርባል፤ ተማሪው ቃሉን ሲነካው አማራጮቹ ይከፈታሉ። በዚያች ቅጽበት ተማሪው አስተርጓሚው የቆመበት ቦታ ላይ ይቆማል።

አንዲት የዘመድ ልጅ አለችኝ፤ 10ኛ ክፍል ናት። ሁለቱን አንቀጾች በአማርኛ በአንድ ወረቀት ላይ፣ የትኛው የማን እንደሆነ ሳልጽፍ ሰጠኋት። ልዩነቱን ቶሎ አገኘችው። ከዚያ ቀና ብላ «ቆይ፣ ምኒልክ ጣልያንኛ ያነቡ ነበር እንዴ?» አለችኝ።

ይቺ ጥያቄ ብዙ በር ትከፍታለች። ማን አነበበላቸው? አንቶኔሊስ አማርኛ ያውቅ ነበር፤ ታዲያ ልዩነቱን አውቆ ነው የተወው? የአጼው ቤተ መንግሥት ምን ያህል የጣልያንኛውን ቅጂ መረመረ? ይህ ጥያቄ ለምሁራንም ቀላል አልነበረም፤ አዲስ አበባ ያስተማረው ስዊድናዊው ስቬን ሩቤንሰንና ጣልያናዊው ካርሎ ጂሊዮ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በዚሁ አንቀጽ ላይ በጽሑፍ ተከራክረውበታል። የ10ኛ ክፍል ተማሪ በራሷ መንገድ ምሁራን የተከራከሩበት ቦታ ስትደርስ ማየት ደስ ይላል። ኮከብ ሳይዘንብ፣ ስልክ ሳይነዝር።

ስሙን የሳተ ኮረብታ

ከውሉ ሰባት ዓመት ገደማ በኋላ ወደ ጦር ሜዳው እንሂድ። የካቲት 22 ቀን 1888 ዓ.ም. ማታ ጄኔራል ኦሬስቴ ባራቲየሪ 17,000 የሚያልፍ ጦሩን በጨለማ ወደ ዓድዋ አንቀሳቀሰ። በግራ የአልቤርቶኔ ብርጌድ፣ በመሐል የአሪሞንዲ፣ በቀኝ የዳቦርሚዳ፤ የኤሌና ብርጌድ ከኋላ በተጠባባቂነት። ዕቅዱ ሲነጋ ሦስቱ ከፍታዎቹን ተያይዘው እንዲይዙ ነበር።

አልቤርቶኔ እንዲይዝ የታዘዘው ኮረብታ በባራቲየሪ ንድፍ ካርታ ላይ «ኪዳነ ምሕረት» ተብሎ ተጽፏል። ችግሩ የአካባቢው ሰው ኪዳነ ምሕረት የሚለው ሌላ ቦታ መሆኑ ነው፤ እንዳ ኪዳነ ምሕረት ወደ ዓድዋ አቅጣጫ ኪሎ ሜትሮች አልፎ ነበር። አልቤርቶኔ ንድፉ ላይ ያለው ኮረብታ ጋ ደረሰ። መንገድ መሪዎቹ ኪዳነ ምሕረት ገና ወደፊት ነው አሉት። ቀጠለ። ሲነጋ ከጓደኞቹ ተነጥሎ ለብቻው ከኢትዮጵያ ጦር ፊት ቆመ። እሱን እንዲደግፍ የታሰበው ዳቦርሚዳ ደግሞ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ዞረ፤ ብርጌዶቹ ተራርቀው ተራ በተራ ተመቱ። ቀኑ ሲያልቅ አልቤርቶኔ ተማርኳል፤ አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ሞተዋል።

ይህን በቃል መተረክ ይቻላል፤ ብዙዎች ተርከውታል። ዲጂታል ካርታ ግን ቃል የማይችለውን አንድ ነገር ይችላል፤ ተማሪውን ሳያውቅ ማስጓዝ። ካርታው በንብርብር ይሠራ እንበል። መጀመሪያ የሚከፈተው ያ ንድፍ ብቻ ነው፤ ጥቂት ኮረብታ፣ ጥቂት ስም፣ ሦስት ቀስት። ተማሪው አልቤርቶኔ ነው። ኮረብታው ጋ ደረሰ፤ መንገድ መሪው «ይሄ አይደለም» አለው። ይቆማል ወይስ ይቀጥላል? ከመረጠ በኋላ ሁለተኛው ንብርብር፣ ዛሬ ማንም ሰው በነፃ የሚያገኘው ኦፕን ስትሪት ማፕ ወይም የሳተላይት ምስል፣ በንድፉ ላይ ይዘረጋል። ያኔ በሁለቱ ኪዳነ ምሕረቶች መካከል ያለው ባዶ ቦታ ይታያል። ተማሪው ያ ባዶ ቦታ ምን እንዳስከፈለ አይረሳውም።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ከዚህ መልመጃ የሚወጣ ተማሪ «ጣልያን የተሸነፈው በካርታ ስህተት ነው» ካለ መሣሪያው ከሽፏል። ድሉን ከአሸናፊው ነጥቆ ለወረቀት ሰጥቶታል ማለት ነው። ስለዚህ ሦስተኛ ንብርብር ያስፈልጋል፤ የኢትዮጵያ ጦር። ከየአቅጣጫው በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በእግር የተጓዘው ሠራዊት፣ የራስ መኮንን፣ የራስ መንገሻ፣ የራስ አሉላ፣ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ የእቴጌ ጣይቱ ጦር የሰፈረበት። አራተኛም ቢኖር አይከፋም፤ ከሮም «ምን ትጠብቃለህ» እያለ ባራቲየሪን የሚወተውተው የጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ ቴሌግራም፣ በሁለቱም ሰፈር እያለቀ የነበረው ስንቅ። የተሳሳተ ካርታ ትክክለኛ ጠላት ከሌለበት መንገድ ማሳት ብቻ ነው። ተማሪው ንብርብሮቹን እያበራና እያጠፋ «የትኛው ቢቀር ውጤቱ ይለወጥ ነበር?» ብሎ እንዲከራከር ነው የሚፈለገው።

የእርግጠኝነት ውሸት

ዲጂታል ካርታ አንድ መጥፎ ዐመል አለው። ነጥብ አስቀምጥ ስትሉት ከነጥብ በኋላ ስድስት አሃዝ ያለው መጋጠሚያ ይሰጣችኋል። ስድስት አሃዝ ማለት በአሥር ሳንቲ ሜትር ገደማ ልክ ነኝ ማለት ነው። የአንድ ራስ ድንኳን የካቲት 23 ጠዋት የት እንደነበረ በአሥር ሳንቲ ሜትር የሚያውቅ ሰው የለም። ስክሪኑ ግን ያወቀ ያስመስላል።

ይህ ችግር አዲስ አይደለም፤ መፍትሔውም አሮጌ ነው። ጆሴፍ ፕሪስትሊ ብዙዎቻችን ከኦክስጅን ጋር በኬሚስትሪ ክፍል የምናውቀው እንግሊዛዊ ነው። ከዚያ በፊት ግን መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1765 ለማስተማሪያ የሚሆን አንድ ትልቅ ሠንጠረዥ አሳተመ፤ ወደ 2,000 የሚጠጉ የታወቁ ሰዎች ዕድሜ በጊዜ መስመር ላይ እንደ ጭረት ተሰምሮ። ዛሬ «ታይምላይን» የምንለው ነገር አያት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። እኔን የማረከኝ ግን ጭረቱ አይደለም። የልደቱ ወይም የሞቱ ዓመት እርግጠኛ ያልሆነለትን ሰው ጭረት ፕሪስትሊ በነጠብጣብ ነው ያሳየው። «እዚህ ጋ አላውቅም» ለማለት ምልክት ፈጠረ። ከ250 ዓመት በላይ አልፎም ብዙዎቹ የታይምላይን መሥሪያዎች ያቺን ነጠብጣብ ሳያውቋት ነው የምንጠቀምባቸው።

ሌላው የሙያ ዘመዴ ነው፤ ፈረንሳዊው የመንገድና የድልድይ መሐንዲስ ሻርል ሚናር። እ.ኤ.አ. በ1869፣ በ88 ዓመቱ፣ ናፖሊዮን በ1812 ወደ ሩሲያ ያዘመተውን ጦር የሚያሳይ ሥዕላዊ ካርታ አወጣ። 422,000 ሰው ሆኖ የሚወጣው ሰፊ ጎርፍ እየቀጠነ እየቀጠነ ሄዶ 10,000 ሆኖ ይመለሳል። ዲዛይን የሚማር ሁሉ ይህን ሥዕል ያውቀዋል፤ ሥዕሉ አናት ላይ ያለውን ጽሑፍ ግን የሚያነበው ጥቂት ነው። ሚናር እዚያ ላይ ቁጥሮቹን ከማን ከማን እንደወሰደ በስም ዘርዝሯል። ለዓይን እንዲመች ብሎ ተለያይተው የተጓዙ ክፍሎችን አብረው እንደሄዱ አድርጎ መሳሉንም ተናግሯል። ምንጩንም ያቀለለበትንም ነገር ሥዕሉ ፊት ላይ ጻፈው።

ወደ ዓድዋ እንመልሰው። የኢትዮጵያ ጦር ስንት ነበር? 80,000 የሚል መጽሐፍ አለ፣ 100,000 የሚል አለ፣ ከዚያ የሚያልፍም አለ። የጥያቄና መልስ አፕ አንዱን መምረጥ ግድ ይለዋል። ሌላ ዓይነት መሣሪያ ግን ቁጥሩን እንደ ደብዘዝ ያለ ሰፊ መስመር ያሳየዋል፤ ጠርዙን ስትነኩት «ይህን ያለው ማን ነው፣ ጦሩን ከየት ሆኖ ነው ያየው፣ መቼ ነው የጻፈው» ይላችኋል። ለፕሮግራመሩ ጭማሪው ሥራ የግማሽ ቀን ነው።

በአንድ ዓይን የሚታየው ማን ነው?

ንድፍ ሲባል ከውጭ የመጣ ጥበብ ብቻ የሚመስለው ካለ የዓድዋን የባህል ሥዕል ይመልከት። በየቤቱ፣ በየሆቴሉ ግድግዳ አለ፤ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥም አለ። በግራና በቀኝ ሁለት ጦር፣ ከላይ በመሐል ፈረሱ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ጦርነቱ የተካሄደው በዕለቱ ነውና። አሁን ፊቶቹን ተመልከቱ። የእኛ ሰዎች ሁለት ዓይናቸው ይታያል። ጣልያኖቹ በጎን ተስለው አንድ ዓይን ብቻ አላቸው። ይህ በሥዕል ወጋችን የቆየ ደንብ ነው፤ ክፉው በጎን ይሳላል። ሠዓሊው አንድ ቃል ሳይጽፍ ተመልካቹን የት መቆም እንዳለበት ይነግረዋል። የንግሥተ ሳባን ታሪክ ብዙ ጊዜ በ44 ሣጥን ከፋፍሎ የሚተርከውንም ሥዕል አስቡ፤ ማንበብ ለማይችል ሰው የተሠራ ታይምላይን ነው።

ሶፍትዌርም እንዲሁ ፊት ይሰጣል፣ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1971 ዶን ራዊች የተባለ የሚኒያፖሊስ ዕጩ የታሪክ መምህር ከሁለት ጓደኞቹ ጋር «ኦሪገን ትሬል» የሚባል የኮምፒውተር ጨዋታ ሠራ። ተማሪዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ምዕራብ አሜሪካ የሚሰደድ ቤተሰብ ሆነው ምግብ ይገዛሉ፣ ወንዝ ይሻገራሉ፣ ይታመማሉ። ትውልዶች በዚህ ጨዋታ ታሪክ ተምረዋል፤ ውሳኔ ዋጋ እንዳለው አስተምሯቸዋል። ተጫዋቹ ግን ሁልጊዜ ሠረገላው ላይ ነው። መሬቱ የነበረው ነባር ሕዝብ በመንገድ ዳር የሚያልፍ ምስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው አዲሱ ቅጂ የነባር ሕዝቦችን ታሪክ የሚያጠኑ ምሁራንን አማክሮ ይህን ለማረም ሞክሯል። ሃምሳ ዓመት ፈጀ።

በእኛስ ዓድዋ ጎን ለጎን የሚሳለው ማን ነው? ከባድ የሆነው ክፍል እዚህ ነው። የአልቤርቶኔ ብርጌድ በአብዛኛው ነጭ አልነበረም፤ ከኤርትራ የተመለመሉ አስካሪዎች ነበሩ። ብዙዎቹ ትግርኛ ተናጋሪዎች ናቸው፤ ከፊታቸው ከቆመው ጦር ውስጥ ቋንቋቸውን የሚናገር፣ የሚጾሙትን የሚጾም ሞልቷል። ከድሉ በኋላ ጣልያናውያኑ ምርኮኞች ሰላም ሲወርድ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ምርኮኛ አስካሪዎች ግን እንደ ከሃዲ ተቆጥረው ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ።

ይህን የሚያውቅ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ጥቂት ነው። ስትነግሩት ሁለት ዓይነት መልስ ይመጣል፤ አንዱ «ይበላቸው» ነው፤ ሌላው «ታዲያ ድሉ ውሸት ነዋ» ነው። ሁለቱም ታሪክን በአንድ ዓይን ማየት ናቸው። ድሉ እውነት ነው፤ የጥቁር ሕዝብ ኩራት መሆኑም እውነት ነው። የተቆረጠው እጅም እውነት ነው። ክህደት የሚባለውን ነገር ያኔ የሚለካው ማን ነበር? አስካሪው ሲመለመል ድንበሩ የት ነበር? ክፉ ቀን ከብቱን የጨረሰበት ሰው ደመወዝ ፍለጋ ሊገባ ይችል ነበር? እነዚህ መልሳቸው ተዘጋጅቶ የማይቀመጥ ጥያቄዎች ናቸው።

ስለዚህ ዓድዋን ጌም የሚያደርግ ሰው ካለ አንድ ልመና አለኝ፤ ተጫዋቹ ማን እንደሚሆን ይምረጥ፤ ከአንድ በላይም ይሁን። ከሸዋ በእግሩ የመጣ ወታደር። ሁለቱም ጦር እህሉን የሚፈልግበት የትግራይ ገበሬ። ስንቅ ተሸክማ የዘመተች ሴት። አስካሪ። ለሁሉም ሁለት ሁለት ዓይን ይሳልላቸው። ይህን ማድረግ ሁሉንም ትክክል ማለት አይደለም፤ ሁሉም ሰው ነበሩ ማለት ነው። ዛሬ እርስ በርስ ስንጣላ የምናነሣው ታሪክ አብዛኛው በጎን ከተሳለ ፊት የሚጀምር ስለሆነ፣ ይህ ነገር የዲዛይን ቅንጦት አይመስለኝም።

አንድ ሠንጠረዥና አንድ ስልክ

«ጥሩ ነው፤ ግን ኢንተርኔት የለም፣ ኮምፒውተር የለም፣ መብራትም ይጠፋል» የሚል አንባቢ ይኖራል። ልክ ነው። ለዚህም ነው ሥራው ከሠንጠረዥ እንዲጀምር የምፈልገው። ማንኛውም የታሪክ አፕ ልብሱን ቢያወልቅ ሠንጠረዥ ነው። አምስት ዓምድ ይበቃል፤ መቼ፣ የት፣ ምን ሆነ፣ ማን ነው ያለው፣ ምን ያህል እርግጠኞች ነን። የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓምዶች ከሌሉ የቀሩት ሦስቱ ማስታወቂያ ናቸው።

ይህን ሠንጠረዥ ጎግል ሺት ላይ ከሞላችሁት፣ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ያለው ናይት ላብ የሠራው «ታይምላይን ጄ ኤስ» ያለ ምንም ኮድ ወደ ታይምላይን ይቀይረዋል። የሚቆጥረው በፈረንጅ ቀን ነው፤ ግን ለአንባቢ የሚታየውን ቀን በፈለጋችሁት ጽሑፍ የምትሞሉበት ዓምድ ስላለው «የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.» ብላችሁ መጻፍ ትችላላችሁ። «ዩማፕ» ደግሞ በኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ በንብርብር ካርታ ያሠራል። የምርጫ ታሪክ ለመሥራት «ትዋይን» አለ፤ ነፃ ነው። እሱን ይበልጥ የወደድኩት የሚያወጣው ነገር አንድ የኤች ቲ ኤም ኤል ፋይል ብቻ ስለሆነ ነው። መምህሩ ቴሌግራም ላይ ይልከዋል፤ ተማሪው አንዴ ካወረደው ያለ ኢንተርኔት በስልኩ ብራውዘር ይከፍተዋል።

ስልክም ከሌለ ክርና ወረቀት አለ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሲባጎ ወጥሩ። ክስተቶቹን በካርድ ጽፋችሁ በልብስ መቆንጠጫ ስቀሉ። እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን ካርድ ጠርዙን በነጠብጣብ አስምሩበት። ሁለት ምንጭ የሚጣሉበትን ሁለት ካርድ አድርጋችሁ አንድ መቆንጠጫ ላይ አንጠልጥሉ። ፕሪስትሊም የነበረው ወረቀት ነው።

ከሁሉም በላይ ሠንጠረዡን የሚሞላው ተማሪው ይሁን። እኛ ሞልተን ከሰጠነው ሌላ መጽሐፍ ነው የሰጠነው። «ማን ነው ያለው» የሚለው ዓምድ የንጉሡን ዜና መዋዕል ጸሐፊ የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴን ስም ሊይዝ ይችላል። ከሽንፈቱ በኋላ ለፍርድ ቀርቦ በነፃ የተለቀቀውና ራሱን የሚከላከል ማስታወሻ ያሳተመው ባራቲየሪም ይገባበታል። «አያቴ፣ ከአባታቸው ሰምተው» የሚልም ይግባ። ሦስቱ እኩል አይመዝኑም፤ ተማሪው የሚማረው እንዴት እንደሚመዝናቸው ነው። አያትን በስልክ ከመቅዳታችሁ በፊት ማስፈቀድ አትርሱ።

ዛሬ አብዛኞቻችን ታሪክ የምንማረው ከአጭር ቪዲዮ ነው። አንዱ በሠላሳ ሰከንድ ያስለቅሰናል፣ ሌላው በሠላሳ ሰከንድ ያናድደናል፣ ከዚያ ኮሜንት ውስጥ ገብተን እንሰዳደባለን። ሁለቱም ወገን «መቼ፣ የት፣ ምን ሆነ» አለው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓምዶች ናቸው የጠፉት። በሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሲላክላችሁ ከማጋራታችሁ በፊት አንድ ረድፍ ሙሉለት። «ማን ነው ያለው» የሚለው ሣጥን ባዶ ከቀረ፣ ለላከላችሁ ሰው ሣጥኑን ከነባዶነቱ መልሳችሁ ላኩለት።